የአክስቴ ነብር

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አራዳ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ የተባይ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ስደርስ እግሬ ተያዘ። አንድ ከረጢት ፈንድቶ ነጭ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ፈሷል። ሽታው የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርትና ናፍጣ የተደባለቁበት ይመስላል፤ ጉሮሮ ይይዛል። ባለሱቁ አሸዋ እየበተነበት «እለፊ እህቴ፣ ለጤና አይሆንም» አለኝ።

«አውቀዋለሁ!» አልሁት። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስሁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ መንታ ወልዳ ታማ ተኝታለች። አባቴ ሁለት አራስ ሕፃናትና አንዲት ለፍላፊ ልጅ አንድ ላይ ማስተዳደር ስላቃተው፣ ለአንድ ወር ብሎ ኮሶዬ ያለችው እህቱ ዘንድ ወሰደኝ። ወሩ ከመስከረም እስከ ጥር ሆነ።

አክስቴ የሻረግ ከደባርቁ አስፋልት ወደ ገደሉ አፋፍ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ለብቻዋ ትኖር ነበር። ረጅም ናት፤ ቀጭን፤ የወንድ ቦቲ ጫማ ታደርጋለች። ባሏን የፈታችው እሷ ናት። «ፈታት» የሚል ሰው ካጋጠማት መንገድ ላይም ቢሆን ቆማ ታርመዋለች። አሥራ አንድ በጎችና ገደሉ ጫፍ ድረስ የሚወርድ የገብስ ማሳ ነበራት። ከማረስ በቀር ወንድ ይሠራዋል የተባለውን ሁሉ ትሠራለች፤ ማረሱንም ስለከለከሏት እንጂ።

ገና እንደደረስን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ለአባቴ «ምነው፣ ይችን ልጅ ንፋስ ይውሰዳት ብለህ ነው ያመጣሃት?» አለችው። ብርዱ ጥርሴን ያፋጨው ነበር። የራሷን ጋቢ አውልቃ ሁለት ዙር ጠቀለለችኝ። የበግ ይሸታል። እስከ ጥር ድረስ እኔም እንደዚያው ሸተትሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጧት ከእንቅልፌ ስነሳ አክስቴ በረቱ ውስጥ ተቀምጣለች። በረቱ እስከ ደረቷ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ነው፤ ጣራ የለውም። ሁለት በጎች ጉሮሯቸው ተነክሶ ወድቀዋል፤ ሦስተኛዋ የለችም። አክስቴ አላለቀሰችም። በእጇ መሬቱ ላይ ያለውን ዱካ ትለካ ነበር። መዳፏን አንድ ጊዜ ዘርግታ ከዱካው ጎን አኖረችና «ነብር ነው» አለች። «ጥፍሩ መሬቱን አልነካም። የጅብ ቢሆን ይታይ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን የአያ ጓንጉል ጥጃ ተበላች። አያ ጓንጉል ጠና ያለ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ጥጃዋን እናቷ ከሞተችባት ወዲህ በእጁ ወተት እያጠባ ነው ያሳደጋት። በዚያን ቀን ማሳው ድንበር ላይ ቆሞ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አየሁት። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ዓይኑን ጭስ ገብቶበት ነው ብዬ አለፍሁ።

ማታውኑ የመንደሩ ወንዶች አክስቴ ደጅ ተሰበሰቡ። መርዝ ገዝተው ሥጋ ላይ አድርገው ገደሉ አፍ ላይ ሊያኖሩ ነው። ሁሉም ተስማምቷል፤ የቀረች እሷ ናት፤ ነብሩ የሚመላለሰው ደግሞ በእሷ ማሳ በኩል ነው።

«አይሆንም» አለች።

«ምነው የሻረግ! ሦስት በግ በልቶብሽ?»

«በጎቼን ስለበላብኝ ነው የምናገረው። ባለፈው ለጅብ ብላችሁ ያኖራችሁት መርዝ ጅቡን ገደለ? ውሾቻችንን ፈጀ። ጥንብ አንሳውን ፈጀና ጥንቡ አንድ ሳምንት ሙሉ አፍንጫችን ላይ ከረመ። ደግሞ ይኸ ነብር ከመጣ ወዲህ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሴ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እናንተ ጭላዳውን ትጠብቁልኛላችሁ? ለጥበቃው የምትመጡት መች ነው?»

አያ ጓንጉል ብድግ አለ። «እንግዲያ ነብሩ ያንች ነው!» አላት። «ያንች ነብር ነው ጥጃየን የበላት!»

እሷም «የኔ ነው በለው ደስ ካለህ» አለችው።

እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ይህን ሰማሁ። ሰማሁና አመንሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ሰው ውሻ እንዲኖረው አውቃለሁ፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ ነብር ሊኖረው ይችላል። በማግስቱ ከጎተራው ኋላ ፈለግሁት። መደቡ ሥር ፈለግሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል ከምሳዬ የተረፈ አጥንት በር ላይ እያኖርሁ ጧት ሳጣው «በላው» እያልሁ እደሰት ነበር። ይበላልኝ የነበረው የአያ ጓንጉል ውሻ መከታ ነው። ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ትምህርት ቤት ውስጥ «ብስኩት» ይሉኝ ነበር። ትንሽ ስነካ የምሰበር መስሏቸው ነው። አንድ ቀን አንዲት ልጅ መቀመጫዬን ወስዳ አልነሳም ስትለኝ «አክስቴ ነብር አላት» አልኋት። «ስሜን ነግራዋለች። ነብሯም ያውቀኛል።» ልጅቷ ተነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫዬን የነካ የለም፤ እኔም በየቀኑ አንድ ነገር እጨምር ነበር። ከእጄ ይበላል አልሁ። ጆሮውን ሳክከው ይተኛል አልሁ።

በዚህ መሃል ከወረዳ አንድ ወጣት የዱር እንስሳት ባለሙያ በሞተር መጣ። የጥጃዋን ወሬ ሰምቶ ነው። ሰዉን ሰብስቦ ነብር መግደል በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ ዘሩ በየቦታው እየመነመነ እንደሆነ፣ በዚህ ገደል ያሉት ጥቂት እንደሚሆኑ ተናገረ። አያ ጓንጉል «የኔስ ጥጃ ዘሯ አይመነምንም?» ብሎ ረግጦ ሄደ።

አክስቴ ትደሰትበታለች ብዬ ስጠብቅ በባለሙያው ላይ ተነሳችበት። «አንተ ልጅ፣ ለነብሩ ሕግ ይዘህለት መጥተሃል፤ ሸጋ ነው። ለኔ በግ ምን ይዘህ መጣህ?»

ልጁ ደነገጠ። ደብተሩን አገላበጠ። በመጨረሻ «ምክር ነው ያለኝ» አለ። በረቱ ጣራ ያለው ጉሮኖ ይሁን፤ ግድግዳው ከሰው ቁመት በላይ ይሁን፤ ጣራው ወፍራም ግንድ ተጠጋግቶ የተረበረበበት ይሁን፤ በሩ ሳንቃ ይሁን፤ ነብር ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ስለሚያልፍ የትኛውም ቀዳዳ ከሰው ጡጫ አይብለጥ አላት።

«ምክርህን ሰማሁ» አለችው። «አሁን ጃኬትህን አውልቅና ድንጋይ አቀብለኝ።»

ቀልድ መስሎት ነበር። አልሳቀችም። ጃኬቱን አወለቀ። እስከ ማታ ድረስ ድንጋይ አቀበለን፤ መዳፉ ተልጦ ሞተሩን በጣቶቹ ጫፍ እየነዳ ሄደ። ጉሮኖው የተጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ድንጋይና ጭቃ ሆነ። ትልልቁን እሷ ትክባለች፤ እኔ በመሃል ያለውን ክፍተት በትንንሹ እሞላለሁ። ጡጫዬን እያስገባሁ መፈተኑም የኔ ሥራ ነበር። የኔ ጡጫ ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይገባል። «የአሥር ዓመት ነብር ከመጣ ነው የምንቸገረው» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ቀዳዳውን ትደፍነዋለች።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አያ ጓንጉል የበግ ጭን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ገደሉ ሲወርድ አየሁት። ቀስ ብዬ ተከተልሁ። ሥጋውን ድንጋይ ላይ አኖረ፤ ከኪሱ ላስቲክ አወጣና ነጭ ነገር ነሰነሰበት። እያገላበጠ በደንብ ነሰነሰ። አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ሽታው እኔ ጋ ሲደርስ ነው። የተበላሸ ጨው መሰለኝ።

ልቤ በደስታ ሞላ። ጨው የሚነሰነሰው ለሚወዱት እንግዳ ነው። ታረቁ ማለት ነው! ትምህርት ቤቱን ትቼ ወደ ቤት ሮጥሁ።

«አክስቴ! አያ ጓንጉል ከነብርሽ ጋር ታረቀ! ሥጋ ሰጠው፣ ጨው ነስንሶ!»

አክስቴ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ቆመች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲወርድ አየሁት። ዶማውን ነጥቃ እግሯ በጭቃ እንደተለወሰ ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ።

መከታ ቀድሞናል። ከሥጋው ጥቂት ርቆ ተኝቶ እግሮቹ በአየር ላይ ይሮጣሉ፤ አፉ አረፋ ሞልቷል። ልነካው ስል አክስቴ በአንገቴ ይዛ ወደ ኋላ ወረወረችኝ። መትታኝ የማታውቅ ሴት ናት። «እንዳትነኪው! እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ!» እያለች ትጮሃለች። ከዚያ መቆፈር ጀመረች። ሥጋውን በዶማው ጫፍ እየገፋች ጉድጓድ ከተተችው፤ አፈር መለሰችበት፤ ድንጋይ ከመረችበት። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ መከታ ሲሞት አየሁ። ጨው አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አያ ጓንጉል ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ውሻውን አየ። ተንበረከከ፤ የውሻውን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አክስቴን «አንች ነሽ» አላት። «ሥጋውን ባትቀብሪ ነብሩ ይበላው ነበር።»

«ውሻህ ከበላው በኋላ ነው የደረስሁት፣ አያ ጓንጉል።»

«አንች ነሽ!» አለ ደግሞ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጡ። አክስቴ ቆመች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ። አያ ጓንጉል ከሰሳት። የመንደሩን ምክር አፈረሰች፤ ነብሩን ትጠብቃለች አለ። «ነብሩ የሷ ነው ስል ከኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጂቱ ራሷ ትምህርት ቤት ውስጥ ተናግራለች። ከእጄ ይበላል ብላለች። ልጆቻችሁን ጠይቁ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አክስቴም ዞረች። አታውቅም ነበር። የዚያን ቀን ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቀሚሷን ለቀቅሁ። «ዋሽቻለሁ» አልሁ። «ነብሩን አይቸው አላውቅም።»

ከወንዶቹ አንዱ «ዝም በይ፣ ልጅ በሸንጎ አይናገርም» አለኝ።

«ስትዋሽ ሰምታችኋት የለም? እውነቱንም ስሙ» አለች አክስቴ። «ተናገሪ ትርንጎ።»

«ነብሩን አይቸው አላውቅም። መርዙን ግን አይቸዋለሁ። አያ ጓንጉል ሲነሰንሱት አይቻለሁ። እኔ ጨው ነው ብየ ነበር። ጨው የመሰለኝ እኔ ብቻ ነኝ? የናንተም ልጆች በዚያ በኩል ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ጨው ቢመስላቸውስ?»

አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ምድሩን በዘንጉ ሲጭር ቆየና ፈረደ። መርዙ እስከ ጥምቀት ይቆይ። እስከዚያ ከማንም በረት አንዲት ግልገል ብትጠፋ ግን መንደሩ በሙሉ ወጥቶ መርዙን ያኑር፤ የሻረግ እንዳትከለክል። ምክር ያፈረሰችም ስለሆነ ዘንድሮ ለገብሷ ደቦ የሚወጣላት የለም። «ለነብር የቆመች ለብቻዋ ትቁም» አለ።

«እቆማለሁ» አለች አክስቴ። እጄን ይዛ ወጣን። መንገድ ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ «ጆሮውን ሳክከው ይተኛል ብለሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልሁ። የሳቀችው ያን ጊዜ ነው፤ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

ኅዳር ውስጥ ገብሱ ደረሰ። በሌሎቹ ማሳ ላይ ሃያና ሠላሳ ሰው በመስመር ቆሞ እየዘፈነ ያጭዳል። በኛ ማሳ ላይ አክስቴና እኔ ነን። እኔ ማጨድ ስለማልችል ነዶ እሸከማለሁ። የገብሱ ጭራ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ይወጋኛል፤ ጀርባዬ በሙሉ ቀላ። የወዲያኛው ማሳ ዘፈን ሲደርሰን አክስቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ የራሷን ትዘፍናለች። ድምጿ አስቀያሚ ነው። ዜማ አታውቅም። እኔም እየጮህሁ ተቀበልኋት። ሁለታችን ለሠላሳ ሰው መልስ ስንሰጥ ዋልን።

በአምስተኛው ቀን አንዲት ሴት ማጭድ ይዛ ድንበሩን ተሻገረች። የአያ ጓንጉል ሚስት፣ እትዬ ወርቄ ናት። ሰላምታ ሳትሰጥ ጎንበስ ብላ ማጨድ ጀመረች። አክስቴ «ባልሽ ምን ይልሻል?» ስትላት ቀና ሳትል «ውሻው የኔም ውሻ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣች።

ገብሱን ታኅሣሥ ላይ ወቅተን አስገባን። ጉሮኖውም አለቀ። ጣራው ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድረን የቀጋ እሾህ ከመርንበት። በጎቹ መጀመሪያ አንገባም ብለው አስቸገሩን፤ ጨለማውን ጠልተውታል።

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አያ ጓንጉል ለቅሶ ሊደርስ ደባርቅ ሄዶ አደረ። በማግስቱ ጧት ጩኸቱ ቀሰቀሰን። ከመንገድ ገና መመለሱ ነው። በረቱን ባዶ አግኝቶታል፤ ጭቃው ላይ የነብር ዱካ ሞልቷል። «በጎቼን ጨረሳቸው! ስድስቱንም! ውጡ! መርዙን አምጡ!» እያለ መንደሩን ቀሰቀሰ። ሰዎች በየበሩ ወጡ፤ ሁሉም ወደ እኛ ደጅ ጎረፉ። አያ ጓንጉል ዱላውን እየወዘወዘ «ቃል ቃል ነው! አንድም አልቀረልኝም!» ይላል።

አክስቴ ቦቲዋን አጥልቃ ወጣች። ወደ ጉሮኖው ሄዳ መወርወሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተች። በጎቹ አንድ ባንድ ወጡ። የኛ ስምንቱ ወጡ። ከዚያ አንዲት ጥቁር በግ ወጣች፤ ነጭ ግንባር ያላት፤ የኛ አይደለችም። ከኋላዋ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አያ ጓንጉል ዱላው እጁ ላይ ቀረ። ስድስቱም በፊቱ አለፉ። የመጨረሻዋ ቆማ ጋቢውን አሸተተችው።

እትዬ ወርቄ ከሰዉ መሃል ወጣች። «አንተ የለህ፣ ውሻ የለን። ፈራሁ፤ አምጥቼ እዚህ አሳደርኋቸው» አለች።

ሰዉ ጉሮኖውን ዞሮ አየ። ነብሩ ግድግዳውን ቧጭሮታል። ጣራው ላይ ወጥቶ ቀጋውን በትኗል፤ እሾሁ ላይ ቢጫ ጠጉር ቀርቷል። ግንዶቹ ግን አልተነቃነቁም። እኔ እዚያው አጠገብ ቤት ውስጥ ተኝቼ ምንም አልሰማሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አያ ጓንጉል አንዱ ቀዳዳ ዘንድ ቆመና ጡጫውን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ሌላ ፈለገ። አልገባም። ከዚያ ወደ አክስቴ ሳያይ «ግንዱን በምንድን ነው ያሰርሽው?» አለ።

«በሽቦ።»

«ሽቦው ከየት ይገኛል?»

«ተርፎኛል። መጀመሪያ ድንጋይህን ሰብስብ።»

የአያ ጓንጉል ጉሮኖ በጥምቀት ሳምንት ተጀመረ። አሁን ሰው አልጠፋም፤ ግማሹ ሊሠራ፣ ግማሹ ለራሱ ሊማር መጣ። አባቴ ሊወስደኝ ከጎንደር የደረሰው ጣራው ሊጣል ሲል ነው። እናቴ ድና መንቶቹም ወፍረዋል። «ልብስሽን ያዥ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን» አለኝ።

«ጣራው ሳያልቅ አልሄድም» አልሁት። አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር። ጭቃ የለበሱ እግሮቼንና የተላጠ አፍንጫዬን አየ። እህቱን አየ፤ እሷ ወደ ሰማይ ትመለከታለች። ሸሚዙን ሰብስቦ፣ በዚያ በተወለወለ ጫማው፣ የግንዱን አንድ ጫፍ አነሳ።

የመጨረሻው ግንድ ሲታሰር አያ ጓንጉል «ልሞክረው» ብሎ ጋቢውን ጥሎ ጣራው ላይ ወጣ። ተንበርክኮ በአራት እግሩ ሄደ። ግንዶቹን በሁለት እጁ እየያዘ ነቀነቀ፤ በቀዳዳው አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተ። ያ ትልቅ ሰው እንደ ነብር ሲቧጥጥ ሴቶቹ መሬት ላይ እየወደቁ ሳቁ። እትዬ ወርቄ «በርታ! በጎቹ ከውስጥ ናቸው!» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ፣ ደግሞም እየተናደደ፣ ከላይ «አይገባም!» ብሎ ጮኸ። «የሻረግ፣ አይገባም!»

ያን ጊዜ ያ የፈረደው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ የሻረግ» አለ፣ «ያለፈው አልፏል። ደቦሽን እንወጣልሻለን። መች እንምጣ?»

አክስቴ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። አልቸኮለችም።

«ገብሴን አጭጀ፣ ወቅቸ፣ ጎተራ አስገብቻለሁ» አለችው። «ለከርሞ ኑ።»